ጀርሙ ይሙት፣ ሥጋው ይዳን

በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

 

እዚህ ፊታችሁ የቆምነው እኅትና ወንድም ነን። አንዳችን የጤና ትምህርት ተማሪ ነን፣ አንዳችን ገና ከሠራዊት ከተመለስን ጥቂት ወራችን ነው። ዶክተሮች አይደለንም፤ ሐኪም ተክተን ልንናገርም አልመጣንም። ዛሬ የምናወራችሁ የጥርስ ሐኪም ጀርም ለመግደል ስለሚጠቀምባቸው መድኃኒቶች ነው። «ይሄ ደሞ ምን የስብሰባ ወሬ ነው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ትንሽ ታገሱን። ነገሩ በእኛ ቤት አንድ ጥርስ ያስከፈለ ነገር ነው።

ከስምንት ዓመት በፊት ነው። እናታችን የመንጋጋ ጥርሷ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዛት አድሮ፣ ጠዋት ጉንጯ አብጦ ተነሣች። እኛ ያኔ የ14 እና የ12 ዓመት ልጆች ነበርን። እናታችን ዕብራይስጥ ትሰማለች፤ ለገበያና ለጎረቤት ይበቃታል፣ ለሐኪም ቤት ግን አይበቃትም። ስለዚህ እንደ ብዙዎቻችሁ ቤት አስተርጓሚዎቹ እኛው ልጆቿ ነበርን። ትምህርት ቤት ቀረንና አብረናት ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሄድን።

ሐኪሙ ራጁን አየና ቲፑል ሾረሽ ያስፈልጋታል አለን፤ የጥርስ ሥር ሕክምና ማለት ነው። «የጥርሱ ውስጥ ሞቷል፤ ከፍተን እናጸዳዋለን፣ በሃይፖክሎሪት እናጥበዋለን» አለ። «ሃይፖክሎሪት ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። ረዳቷ ቸኩላ ነበር፤ «ያው እንደ ኤኮኖሚካ ነው» ብላን አለፈች። እኛም ወደ እናታችን ዞር አልንና በአማርኛ «እማዬ፣ ጥርስሽን በበረኪና ሊያጥቡት ነው» አልናት።

እናታችን ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ ብላ ጠየቀችን፦ «በረኪናው ጀርሙን የሚገድል ከሆነ፣ እኔንስ እንዴት አይገድለኝም?»

መልስ አልነበረንም። ጥያቄውን ወደ ዕብራይስጥ መልሰን ለሐኪሙ መንገር ነበረብን፤ ግን አፈርን። «እማዬ፣ ተይ እንጂ፣ ሐኪሙ እኮ ያውቃል» አልናት። እሷም ነጠላዋን ሰብስባ ከወንበሩ ተነሣች። የተሰጣትን አንቲባዮቲክ ዋጠች፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ደስ አለን። ከሁለት ወር በኋላ እብጠቱ ብሶበት ተመለሰ። መጨረሻ ላይ ጥርሱ ተነቀለ። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ በኩል አታኝክም።

የዛሬው ንግግራችን ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። እናታችንም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ፈቅዳልን ነው የምንናገረው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናስተካክል። የእናታችን ጥያቄ የማያውቅ ሰው ጥያቄ አልነበረም። ታላላቅ ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ሲጨነቁበት የኖሩት ጥያቄ ነው።

እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ በማጠብ መመረዝን መከላከል እንደሚቻል ጽፎ አሳወቀ። ብዙ ሰው ከሞት ዳነ። ነገር ግን ያው አሲድ የታማሚውንም የሐኪሙንም ቆዳ ያቃጥል ነበር። ጀርሙን የሚገድለው ነገር ሥጋውንም አይምርም።

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ወታደሮች በጥይትና በፍንጣሪ ቆስለው፣ ቁስላቸው ጭቃ ገብቶበት እየመረዘ ያልቁ ነበር። ሐኪሞቹ ጠንካራ ጠንካራ መድኃኒት በቁስሉ ላይ ያፈሱበታል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ ያ በኋላ በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው ሰው፣ ያን ጊዜ ፈረንሳይ አገር ቡሎኝ ከተማ በጦር ሆስፒታል ውስጥ ይሠራ ነበር። ነገሩን ሲመረምር የሚገርም ነገር አየ። ጥልቅ በሆነ ቁስል ውስጥ ጀርሞቹ በየጥጋጥጉ ይደበቃሉ፤ የሚፈሰው መድኃኒት እዚያ ድረስ አይደርስባቸውም። በምትኩ የሚገድለው ነጭ የደም ሕዋሳቱን ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ማለት የራሳችን ጠባቂዎች ናቸው። ሌባው ጓዳ ተደብቆ ዘበኛውን በር ላይ እንደመግደል ማለት ነው።

በዚያው ጦርነት፣ በ1915፣ ሄንሪ ዴኪን የሚባል እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሰው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከአሌክሲስ ካሬል ጋር ኮምፒየኝ በሚባል ቦታ ይሠራ ነበር። ዴኪን የፈለገው ከሁሉ የሚበረታውን መድኃኒት አልነበረም። የፈለገው ጀርሙን የሚገድል፣ ሥጋውን ግን የማይጎዳ ነገር ነው። ከ200 በላይ ነገሮችን ሞከረ። በመጨረሻ የመረጠው ምን መሰላችሁ? በረኪና! በኬሚስትሪ ስሙ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት። ነገር ግን ልብስ የምናነጣበትን አይደለም። አሲድነቱና አልካሊነቱ ተስተካክሎ፣ በውሃ በጣም ተበርዞ፣ ከመቶ እጅ ግማሽ እጅ ብቻ፣ ማለትም 0.5 በመቶ የሆነውን ነው። ደግሞም አንድ ጊዜ አፍስሶ አልተወውም። ካሬልና ዴኪን በቀጭን ቱቦ በየሁለት ሰዓቱ ቁስሉን እንዲያርስ አደረጉ። ደካማ ሆኖ፣ ግን እየታደሰ። ይህን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ አያችሁ፣ እናታችን በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የጠየቀችውን ጥያቄ ዴኪን በጦር ሜዳ ሆስፒታል ጠይቆታል። ልዩነቱ እሱ የሚመልስለት ላቦራቶሪ ነበረው፤ እሷ ደግሞ የነበሯት የሚያፍሩ ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ጥርሱ እንግባ። ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ውስጡ ግን ሕይወት አለው፤ ደም ስርና ነርቭ የሚሄድበት ቀጭን ቦይ ከሥሩ ጫፍ ድረስ ይወርዳል። ጥርሱ ተቦርቡሮ ጀርሙ እዚያ ቦይ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ይሞታል፤ ይበሰብሳል፤ መግል ይይዛል። አንዴ ከሞተ በኋላ እዚያ ውስጥ ደም አይዘዋወርም። ደም ካልሄደ ነጭ የደም ሕዋሳትም አይሄዱም፣ የምንውጠው አንቲባዮቲክም እንደሚገባው አይደርስም። እናታችን ላይ የሆነው ይሄ ነው። ክኒኑ በዙሪያው ያለውን እብጠት አበረደው፤ የጥርሱ ውስጥ ግን የጀርም ጎተራ ሆኖ ቀረ። ወላጆቻችን፣ እባካችሁ ይህን አትርሱ፦ ሕመሙ ጠፋ ማለት በሽታው ዳነ ማለት አይደለም።

ታዲያ ሐኪሙ ምን ያደርጋል? ቦዩን በቀጫጭን ሞረዶች ይሞርደዋል። ነገር ግን ቦዩ እንደ ጠጅ ብርሌ አንገት ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ዛፍ ሥር የሚቀጣጥልና ጎን ለጎን የሚሰነጠቅ ነው። ሞረዱ የማይደርስበት ብዙ ቦታ አለ። እዚያ ሊደርስ የሚችለው ፈሳሽ ብቻ ነው። በረኪናው የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ጀርሙን ይገድላል፤ ከዚያም አልፎ የሞተውንና የበሰበሰውን ሥጋ ያሟሟዋል። ይህን ሁለቱንም ሥራ እንደ እሱ አድርጎ የሚሠራ ሌላ ፈሳሽ ማግኘት ከባድ ነው።

ችግሩ ግን እዚሁ ላይ ነው። በረኪና የሞተውንና በሕይወት ያለውን ሥጋ ለይቶ አያውቅም። ዓይን የለውም። ያገኘውን ሁሉ ይበላል። በቦዩ ውስጥ እስካለ ድረስ የሚያገኘው ጀርምና የሞተ ነገር ነው፤ ስለዚህ መድኃኒት ነው። ከሥሩ ጫፍ ባለችው ጥቃቅን ቀዳዳ አልፎ ወደ አጥንቱ ከወጣ ግን በሕይወት ያለ ሥጋ ያገኛል፤ ያኔ መርዝ ነው። ፈሳሹ ያው ነው፤ የተለወጠው ቦታው ነው።

ይህ እንዲያው የፍርሃት ወሬ አይደለም፤ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። መርፌው በቦዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ሳለ ፈሳሹ በኃይል ከተገፋ ከጥርሱ አልፎ ይወጣል። ታማሚው ድንገት ከባድ ሕመም ይሰማዋል፣ ፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያብጣል፣ ይበልዛል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ አንዳንዴ ግን የመደንዘዝ ስሜት ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ እናታችን የፈራችው የሌለ ነገር አልነበረም። የማታውቀው ነገር ቢኖር ሐኪሙ ያንን አደጋ የሚከላከልበት አጥር እንዳለው ነው።

አጥሩ ምንድን ነው? አንደኛው ላስቲኩ ነው። ሐኪሙ ጥርሱን ብቻ ነጥሎ የሚያወጣ ቀጭን የላስቲክ ሽፋን አፍ ላይ ይዘረጋል። ይህን የፈጠረው ሳንፎርድ ባርነም የሚባል የኒው ዮርክ የጥርስ ሐኪም በ1864 ነው። ላስቲኩ ካለ በረኪናው ወደ ምላስና ወደ ጉሮሮ አይወርድም፤ ምራቅም ከነጀርሙ ወደ ጥርሱ አይገባም። ሁለተኛው መርፌው ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ፣ ጫፉ የተዘጋና በጎኑ ቀዳዳ ያለው መርፌ አለ፤ ፈሳሹ ወደ ታች እንደ ጥይት ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚወጣው። ሦስተኛው ልኬት ነው። ሐኪሙ በራጅና በመለኪያ መሣሪያ የቦዩን ርዝመት ያውቃል፤ መርፌውንም ከጫፉ አንድ ሁለት ሚሊሜትር አስቀርቶ ይይዘዋል። አራተኛው እጁ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይገፋ፣ መርፌውን እያንቀሳቀሰ። የታማሚው የዓይን መነጽርና የደረት ሽፋንም የሚደረገው ለጌጥ አይደለም።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። በረኪናው ምን ያህል ይጠንክር? አንዳንድ ሐኪሞች እንደ ዴኪን 0.5 በመቶውን፣ ሌሎች ከ1 እስከ 3 በመቶውን፣ ሌሎች ደግሞ ከ5 በመቶ በላይ ያለውን ይጠቀማሉ። በዚህ ላይ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይከራከራሉ። ጠንካራው የሞተ ሥጋን በፍጥነት ያሟሟል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ካመለጠ የሚያደርሰው ጉዳት በዚያው ልክ ይከፋል። በ1985 የታተመ የስዊድን ሐኪሞች ጥናት 0.5 በመቶውንና 5 በመቶውን በታማሚዎች ጥርስ ላይ አወዳድሮ ነበር። ጥንካሬው አሥር እጥፍ ነው፤ ጀርም በመግደል በኩል ግን የጎላ ልዩነት አላገኙበትም።

ለምን? ቅድም ያዙልን ያልናችሁን አስታውሱ። በረኪና ሥራውን ሲሠራ ራሱ ያልቃል። ጀርሙንና ሥጋውን ሲነካ ኃይሉ ይዳከማል። ስለዚህ ደካማውን ቶሎ ቶሎ እየቀየሩ ቢያጥቡበት፣ ጠንካራውን አንዴ አፍስሶ ከመተው ብዙም አያንስም፤ ሞቅ ሲደረግ ደግሞ ይበረታል። እናቶቻችን ይህን ከኛ በላይ ያውቁታል። የቆሸሸ ነጠላ የሚነጣው በአንድ ገንዳ ጠንካራ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈው ሲተዉት አይደለም፤ እንደዚያ ከሆነ ነጠላው ይበሰብሳል። ውሃውን እየቀያየሩ፣ ደጋግመው ሲያጥቡት ነው የሚነጣው።

እኛ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ጠንካራ» የሚለውን ቃል ስንሰማ «ጥሩ» የሚል ይመስለናል። ሌላ ምሳሌ እንስጣችሁ። በኮሮና ጊዜ ሁላችንም እጃችንን በአልኮል ስናሽ ነበር። 70 በመቶ አልኮልና 95 በመቶ አልኮል ቢቀርብላችሁ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ሁላችንም 95ቱን እንል ነበር። ነገር ግን ባክቴሪያን በመግደል የሚበልጠው 70ው ነው። አልኮሉ የጀርሙን ፕሮቲን ለማበላሸት ውሃ ያስፈልገዋል፤ ደግሞም ንጹሑ አልኮል ሥራውን ሳይጨርስ ቶሎ ይተናል። ሲበዛ ማር ይመራል የሚሉት ወላጆቻችን ልክ ናቸው።

ከበረኪናው ቀጥሎ በብዙ ቤታችን መደርደሪያ ላይ የምናገኘው ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ ነው። ጥርስ ከተነቀለ ወይም ድድ ከታመመ በኋላ ከቤት ሜርካሃት የሚገዛው ማለት ነው። በ1970 ሎ እና ሽዮት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 0.2 በመቶውን በቀን ሁለቴ የተጉመጠመጡ ሰዎች ጥርሳቸው ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ እንዳልተጋገረ አሳዩ። ትልቅ ግኝት ነበር። የዚህ መድኃኒት ጥበቡ ጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ ድድና ጥርስ ላይ ተጣብቆ ለሰዓታት ቀስ እያለ መሥራቱ ነው።

በገበያ ላይ 0.2 በመቶና 0.12 በመቶ አለ። «ደካማውን ለምን እገዛለሁ?» የሚል ሰው ይኖራል። እስቲ እንቁጠረው። ከ0.2 በመቶው 10 ሚሊሊትር ስትጉመጠመጡ አፋችሁ ውስጥ የሚገባው መድኃኒት 20 ሚሊግራም ነው። ከ0.12 በመቶው 15 ሚሊሊትር ስትጉመጠመጡ ደግሞ 18 ሚሊግራም ነው። ያው አይደለም እንዴ? ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ስንት ማንኪያ፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ቀን የሚለውን ጨምሮ ነው የሚነበበው።

ቀኑ በተለይ ይረሳል። ይህ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ነው። እኛ ግን «ጀርም ይገድላል አይደል፣ ምን አለበት» ብለን ወራት እንቀጥላለን። አንድ ዘመዳችን ለሠርጉ ጥርሱ እንዲያምር ብሎ ከመድኃኒቱ ሳይለይ ከረመ። በሠርጉ ቀን ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ፎቶ ላይ አፉን ገጥሞ ነው የተነሣው! ክሎርሄክሲዲን ጥርስን ያጠቁራል፣ የምግብ ጣዕም ያጠፋል፤ ቡናና ሻይ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። በእኛ ቤት ቡና በቀን ሦስት ጊዜ እንደሚፈላ እናንተ ታውቃላችሁ። እድፉን የጥርስ ሐኪም ወይም ሺናኒት ጠርጎ ያወጣዋል፤ ግን ለምን? ደግሞም ከጥርስ ሳሙና ጋር ወዲያው ወዲያው አይስማማም፤ ሳሙናው ኃይሉን ያዳክመዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ማራራቅ ነው። አልፎ አልፎም አለርጂ የሚያስነሣበት ሰው አለ፤ ማሳከክ፣ እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማችሁ ማቆምና ወዲያው ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

እነዚህ ሁለቱ መድኃኒቶች፣ በረኪናውና ክሎርሄክሲዲኑ፣ ለየብቻቸው ጥሩ ሠራተኞች ናቸው። ሲገናኙ ግን ቡናማ ዝቃጭ ይፈጥራሉ፤ ስለዚህ ሐኪሙ በመካከል ቦዩን በሌላ ፈሳሽ ያጥበዋል። ሁለት ጥሩ ነገር ተደምሮ ሁልጊዜ የበለጠ ጥሩ አይሆንም።

እና ጠንካራው ነገር ቦታ የለውም ማለት ነው? አለው። ቦታው ብረቱ ላይ ነው። ከአንድ ሰው አፍ ወደ ሌላ ሰው አፍ የሚሄደው መቆንጠጫና ሞረድ ምንም ምሕረት አያስፈልገውም። ኦቶክሌቭ በሚባለው ማሽን ውስጥ በእንፋሎት ግፊት በ121 ወይም በ134 ዲግሪ ሙቀት ይቀቀላል። ሙቀት የማይችለውን ዕቃ እንደ ግሉታራልዴሃይድ ያለ ኃይለኛ ፈሳሽ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ ያ ፈሳሽ አፍ ውስጥ በፍጹም አይገባም፣ ዕቃውም በደንብ ሳይታጠብ ለሰው አይውልም። ብረት አያምመውም፤ ድድ ግን ያምመዋል። ስለዚህ ክሊኒክ ስትገቡ «መሣሪያው ከታሸገ ከረጢት ነው የወጣው?» ብላችሁ ማየትም መጠየቅም ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ምክንያቱም የቤት ውስጥ መድኃኒቶቻችንም ያው ጥያቄ ይጠየቃሉ። አገር ቤት ጥርስ በወይራ መፋቂያ ይፋቃል፤ ወላጆቻችን በእሱ አድገው ጥርሳቸው እንደ ወተት ነበር። መፋቂያውን አንነካውም፣ እናከብረዋለን። ጥርስ ሲያም ግን የምናደርጋቸው አንዳንድ ነገሮች አሉ። አስፒሪን ፈጭቶ ድድ ላይ መጠቅጠቅ አለ። አስፒሪን ተውጦ በደም በኩል ነው የሚሠራው፤ ድድ ላይ ሲቀመጥ አሲድ ስለሆነ ያቃጥላል፣ ነጭ ቁስል ያወጣል። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ለረጅም ሰዓት ድድ ላይ ማሰርም እንዲሁ ያቃጥላል። አረቄ አፍ ውስጥ መያዝ አለ። አረቄው ጀርም ለመግደል የሚያስፈልገው የአልኮል መጠን ላይ ብዙውን ጊዜ አይደርስም፤ የቆሰለውን ሥጋ ለማቃጠል ግን በቂ ነው። ሁሉም የሚያቃጥሉን ነገሮች ናቸው፤ ሲያቃጥሉን ደግሞ «እየሠራ ነው» እንላለን። ማቃጠል መሥራት ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው የራሳችን ሥጋ ነው።

ከሁሉ በላይ ይህን ስሙን፦ ዛሬ የነገርናችሁን ሰምታችሁ ማንም ሰው የቤት በረኪናን በውሃ በርዞ ልጉመጥመጥ እንዳይል። ኤኮኖሚካ የሽንት ቤትና የወለል ነው። በሐኪም እጅ፣ በላስቲክ አጥር ውስጥ፣ በተለካ መጠን ያለው ሌላ፤ በኩሽና ጠርሙስ ያለው ሌላ ነው።

እንግዲህ ለእናታችን ጥያቄ መልሱን በአጭሩ እንበለው። «ጀርሙን የሚገድል እኔን እንዴት አይገድለኝም?» በአራት ነገር ነው። ምን ያህል እንደተበረዘ፤ የት ቦታ እንደተቀመጠ፤ ለስንት ጊዜ እንደቆየ፤ እና ዙሪያውን ምን እንደሚያጥረው። እነዚህ አራቱ ካሉ በረኪናም መድኃኒት ይሆናል። ከጎደሉ ደግሞ መድኃኒትም መርዝ ይሆናል። ትኋኑን ገደልን ብለን ቤቱን እንዳናቃጥል ማለት ነው።

ለወጣቶች አንድ ቃል አለን። ለወላጆቻችን ስናስተረጉም ቃሉን ብቻ አንመልስ። እኛ «በረኪና» ያልነው ቃል ትክክል ነበር፤ ግን የቀረው ሁሉ፣ መጠኑም ቦታውም አጥሩም፣ ሳይተረጎም ቀረ። ካልገባን «አልገባንም፣ ያስረዱን» እንበል። የወላጆቻችንን ጥያቄ አናፍርበት፤ እንዳለ ለሐኪሙ እናድርስ። በ1996 በወጣው የታማሚ መብት ሕግ መሠረት ሐኪሙ ሕክምናውን፣ ጥቅሙንና አደጋውን ታማሚው በሚገባው መንገድ የማስረዳት ግዴታ አለበት። ፈርሙ የሚባለው ወረቀት ከማስረዳቱ በኋላ ነው የሚመጣው።

ለወላጆች ደግሞ፦ ልጅ አስተርጓሚ ሲሆን ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን ጥርስ ዕጣ መወሰን የለበትም። የሚቻል ከሆነ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም አማርኛ የሚችል ሠራተኛ እንዲጠራላችሁ ጠይቁ። የልጆቻችሁንም ጥርስ ጊዜው ሳያልፍ አሳዩ። በዚህ አገር የልጆች የጥርስ ሕክምና ከ2010 ጀምሮ በኩፓት ሆሊም በኩል ወደ ጤና ቅርጫቱ ቀስ በቀስ ገብቶ፣ ከ2019 ጀምሮ እስከ 18 ዓመት ደርሷል። ጥርሱ ገና ትንሽ ቀዳዳ ሳለ ከተሞላ ይህ ሁሉ የበረኪና ጭንቀት አይመጣም።

በመጨረሻ፣ ባለፈው ክረምት እናታችንን ሌላ ጥርስ አመማት። ሐኪሙም ያንኑ ቲፑል ሾረሽ አለ። አብረናት ገባን። በዚህ ጊዜ ምንም ሳናስቀር ነገርናት፦ በረኪና ነው፣ ይህን ያህል ነው፣ ላስቲክ አለው፣ መርፌው በጎን ነው። እሷም ጸጥ ብላ ሰማችና ለሐኪሟ ጠይቁልኝ አለችን፦ «ቢያመልጣትስ ምን ታደርጋለች?» ጠየቅንላት። ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች፣ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ወዲያው አቆማለሁ፣ በጨው ውሃ አጥበዋለሁ፣ ማደንዘዣና የሕመም ማስታገሻ እሰጥሻለሁ፣ እስክትድኚም እከታተልሻለሁ። ድንገት ካመመሽ ግን እጅሽን አንሺልኝ» አለቻት። እናታችን ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ አፏን ከፈተች።

ያ ጥርስ ዛሬም አለ። ቡና ሲፈላ ቆሎውን በየትኛው በኩል እንደምታኝክ ራሷን ጠይቋት።